«ወዶ ነው የገባበት» ማለት ከዕዳ ያነጻልን?

ሰው በሥራው ላይ ተጎድቶ ሲገኝ በቶሎ የሚሰማ አንድ መልስ አለ፤ ይኸውም «ማን አስገደደው? ወዶ ነው የገባበት» የሚል ነው። ይህች አጭር ቃል ለአሠሪው መሸሸጊያ፥ ለጎረቤቱም ከኀዘን ማምለጫ ሆና ታገለግላለች። አንዳንድ ጊዜም የተጎዳው ሰው ራሱ «ምን አደርጋለሁ፥ ወድጄ ገብቼበት» እያለ አንገቱን ይደፋባታል። ነገር ግን አንድ ቃል በብዙ ሰው አፍ ስለ ተመላለሰ ብቻ እውነት አይሆንም፤ ተመዝኖ መታየት ይገባዋል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ፥ አንድ ሰው በፈቃዱ ወደ አደገኛ ሥራ ሲገባ ፈቃዱ ሌላውን ሰው ከኀላፊነት ነጻ ያወጣዋልን? የሚል ነው። ጥያቄውንም በአየር ላይ እንዳንተወው፥ በዘመናችን ብዙ ወጣቶች በየቀኑ የሚተነፍሱትን የድንጋይ ብናኝ ይዘን እንመረምረዋለን።

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ የተወለደ ወጣት ድንጋይን ከልጅነቱ ጀምሮ ያውቃል። ከጉና ተራራ አንሥቶ እስከ በሽሎ ቆላ ድረስ የእርሻው ካብ ድንጋይ ነው፤ የቤቱ መሠረት ድንጋይ ነው፤ እናቱ እየወቀረች የምትፈጭበትም ወፍጮ ድንጋይ ነው። መሬቱ በየትውልዱ እየተከፋፈለ ስለ ጠበበ፥ ዝናቡም ብዙ ጊዜ ስለሚያጥር፥ ልጁ ጉልበቱ ሲጠና ስንቁን ቋጥሮ ይወጣል። ከፊሉ ወደ ሁመራና ወደ መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ይወርዳል፤ ከፊሉም ከነፋስ መውጫ፥ ከአርብ ገበያ፥ ከወገዳ ወይም ከመካነ ኢየሱስ ተሳፍሮ ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ ለቀን ሥራ ይሄዳል። ከተማ ሲደርስ ያለ ዋስና ያለ ምስክር ወረቀት ከሚያገኛቸው ሥራዎች አንዱ ያው የሚያውቀው ድንጋይ ነው፤ ካባ ገብቶ መፈለጥ፥ ኮብልስቶን መጥረብ፥ ግራናይትና እብነ በረድ መቁረጥና ማለስለስ።

ይህ ጽሑፍ ድንጋይ ጠራቢነትን ለማንቋሸሽ አልተጻፈም። ኮብልስቶን ከ1990ዎቹ ዓመታት መጨረሻ ጀምሮ በየከተማው ሲስፋፋ ብዙ ሺህ ወጣቶች እንጀራ አግኝተውበታል፤ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁት ሳይቀሩ መሮና መዶሻ ጨብጠውበታል። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የወቀሩትም እጆች የጠራቢ እጆች እንደ ነበሩ ማንም አይረሳም። ስለዚህ ክርክራችን ሥራው ከሚሠራበት መንገድ ጋር ነው እንጂ ከሥራው ጋር አይደለም።

አስቀድመን ነገሩን በትክክል እንወቀው፤ ባላወቁት ነገር ላይ መፍረድ አይቻልምና። ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም። በብዙ ዐይነት ድንጋይ ውስጥ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለ፤ ለሳንባ ክፉ የሚሆነውም ይልቁን ኳርትዝ በሚባለው መልኩ የሚገኘው ነው። ይህ በእብነ በረድ ውስጥ በጣም ጥቂት ነው፤ በግራናይት ውስጥ ሢሶ ያህል ሊሆን ይችላል፤ በአሸዋ ድንጋይ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከዚያም ይበልጣል። በፋብሪካ የሚሠራ ደግሞ ሌላ ድንጋይ አለ፤ እርሱም የተፈጨ ኳርትዝ በሙጫ ተጣብቆ ለኩሽና ጠረጴዛና ለመታጠቢያ ቤት የሚዘጋጀው ነው። መልኩ ያማረ፥ ቶሎ የማይቆሽሽ ስለ ሆነ በዓለም ሁሉ ተወዷል። ነገር ግን ከመቶው ከ90 የሚበልጠው ሲሊካ ሊሆን ይችላል።

ድንጋይ በማሽን ሲቆረጥ ከሚነሣው አቧራ ዐይን የሚያየው ክፍል ብዙው በአፍንጫና በጕሮሮ ተይዞ ይወጣል። ገዳዩ የማይታየው ነው። አንድ ሚሊ ሜትር በ1000 ተከፍሎ አራት ወይም አምስት እጅ ብቻ የሚሆን ቅንጣት፥ እስከ ሳንባ ጥልቅ ጫፍ ድረስ ይወርዳል። በዚያ የሚገኙት የሰውነት ዘበኞች ባዕዱን ሊውጡት ይነሣሉ፤ ነገር ግን ውጠው ሊያደቁት ስለማይችሉ እነርሱው ይሞታሉ፤ በሞቱበትም ስፍራ ጠባሳ ይቀራል። ጠባሳው እየበዛ ሲሄድ፥ እንደ ሰፍነግ ይለጠጥ የነበረው ሳንባ እንደ ደረቀ ቁርበት ይገተራል። ይህ በሽታ ሲሊኮሲስ ይባላል። የሚያድነው መድኀኒት እስከ ዛሬ አልተገኘለትም፤ ሰውየው ሥራውን ከተወ በኋላ እንኳ ሊገፋበት ይችላል። ብናኙ መጠነኛ ሲሆን ከ10 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ቆይቶ ይታያል፤ እጅግ የበዛ ሲሆን ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይገለጣል። ከዚህም ጋር ለሳንባ ነቀርሳ በር ይከፍታል። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1997 ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በሥራ ስፍራ የሚተነፈሰውን የሲሊካ ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተራ መድቦታል። (ከዚህ በኋላም የውጭ አገር ነገር ስንጠቅስ ዓመቱ በአውሮፓ አቆጣጠር እንደ ሆነ አንባቢ ይወቅ።)

በዚህ ጊዜ አንድ ብልህ ወጣት «አባቶቻችን ድንጋይ ሲፈልጡና ሲጠርቡ ኖረዋል፤ ምን ሆኑ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው መልካም ነው፤ መልሱም እነሆ። የአገራችን የደጋው ድንጋይ አብዛኛው ባዛልት የሚባለው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ በእርሱ ውስጥ ያለው ኳርትዝ ጥቂት ነው። አባቶቻችን የጠረቡት በእጅ፥ በመሮ፥ ነፋስ በሚመላለስበት ሜዳ ላይ ነበር፤ ያውም ከእርሻ በተረፈው ጊዜ። የዛሬው ልጅ ግን ሌላ ድንጋይ፥ በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ በሚዞር ዲስክ፥ በቆርቆሮ በተከለለ ቤት ውስጥ፥ ከጧት እስከ ማታ ይቆርጣል። ድንጋዩ ተለውጧል፤ መሣሪያው ተለውጧል፤ ቤቱም ተለውጧል። ያልተለወጠው ሳንባው ብቻ ነው። ስለዚህ የአባቶች ደኅንነት ለልጆች ዋስትና ሊሆን አይችልም።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። የበደል መጠን ከዕውቀት ጋር አብሮ ያድጋል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 21 የተጻፈውን የበሬ ሕግ ያነበበ ሰው ይህን በሚገባ ያስተውላል። በሬው ድንገት ሰውን ወግቶ ቢገድል ባለቤቱ ንጹሕ ይባላል፤ ነገር ግን በሬው ከዚያ በፊት ተዋጊ እንደ ሆነ ታውቆ፥ ለባለቤቱም ተነግሮት ሳይጠብቀው ቢቀር፥ በደሉ በባለቤቱ ላይ ይሆናል። በዚያው ምዕራፍ ጕድጓድ ቆፍሮ ሳይከድን የተወ ሰው የሌላው እንስሳ ቢገባበት ዕዳው የእርሱ ነው። ሕጉ «እንስሳው ማን ወደዚያ ሂድ አለው?» ብሎ እንደማይጠይቅ ልብ በሉ። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ጕድጓዱን የከፈተው ማን ነው? ለምንስ አልከደነውም?

እንግዲህ የድንጋይ ብናኝ ተዋጊ በሬ መሆኑ የታወቀው መቼ ነው? አግሪኮላ የሚባለው የጀርመን ሊቅ በ1556 በታተመ መጽሐፉ፥ በካርፓትያ ተራሮች ማዕድን በሚቆፈርበት አገር ብናኙ ባሎችን እየፈጀባቸው እስከ ሰባት ባል ያገቡ ሴቶች እንደ ነበሩ ጽፏል። ራማዚኒ የሚባለው የጣልያን ሐኪም በ1700 ስለ ሠራተኞች በሽታ ሙሉ መጽሐፍ አሳትሞ፥ ሐኪም ሁሉ በሽተኛውን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ መክሯል። በ1930 የዓለም የሥራ ድርጅት በጆሃንስበርግ ከተማ ሐኪሞችን ሰብስቦ ስለዚህ ስለ አንድ በሽታ ብቻ አነጋግሯል። እንግዲህ በሬው ተዋጊ መሆኑ ለባለቤቶቹ ሳይነገር ቀርቶ አያውቅም።

ሆኖም ማወቅ ብቻውን ሰውን እንደማያድን የሚያሳይ ታሪክ በዚያው በ1930 በአሜሪካ ተጀመረ። በዌስት ቨርጂኒያ ጋውሊ ብሪጅ በሚባል ስፍራ አጠገብ ለኤሌክትሪክ ኀይል ውሃ የሚተላለፍበት ዋሻ ሲቆፈር፥ ከመሬት በታች 3000 ያህል ሰዎች ሠርተዋል። የበዙት ሥራ ፍለጋ ከደቡብ የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። አለቱ ሲሊካ የሞላበት ነበር፤ በውሃ እያራሱ መሰርሰር ሥራውን ስለሚያዘገይ በደረቁ ተሰረሰረ። ወደ ዋሻው የሚገቡት አለቆችና መሐንዲሶች ጭምብል ያደርጉ እንደ ነበር፥ ለሠራተኞቹ ግን እንዳልተሰጣቸው በኋላ ተመስክሯል። ነገሩ በ1936 በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ሲመረመር የሟቾቹ ቁጥር 476 ተብሎ ተነገረ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ደግሞ አንድ ተመራማሪ 764 ያህል እንደሚደርስ ገመተ። እነዚያን ሰዎች በሰንሰለት አስሮ ያስገባቸው አልነበረም። ሁሉም ወደው ገብተዋል። ነገር ግን ጭምብሉ በአለቃው ፊት ላይ ከነበረ፥ የሠራተኛው መውደድ ለአለቃው ምን መከላከያ ይሆነዋል? አንዱ አውቆ ራሱን ጠበቀ፤ ሌላው ሳያውቅ ተነፈሰ። ይህን ስምምነት ብሎ መጥራት ቃሉን ማዋረድ ነው።

ስለዚህ ፈቃድ ምንድን ነው? ብለን መጠየቅ አለብን። በእኔ አስተያየት የሰው ፈቃድ እውነተኛ ፈቃድ ሊባል የሚችለው ሦስት ነገሮች ሲሟሉለት ነው። የመጀመሪያው ዕውቀት ነው፤ የሚገባበትን ነገር ያላወቀ ሰው «እሺ» ቢል እሺታው በጨለማ የተፈረመ ውል ነው። ሁለተኛው አማራጭ ነው፤ አንድ መንገድ ብቻ ያለው ሰው መንገዱን መረጠ አይባልም። አበው «የቸገረው እርጉዝ ያገባል» ያሉት ችግር የሰውን ምርጫ እንዴት እንደሚያጠበው ስለሚያውቁ ነው። ሦስተኛው መመለስ መቻል ነው፤ ሥራው ከባድ መሆኑን ያየ ሰው ነገ ትቶት ሲሄድ ጉዳቱም አብሮ ሊቀር ይገባል። የዕንጨት ሸክም የከበደው ሰው ሸክሙን ጥሎ ያርፋል፤ ብናኝን የተሸከመ ሳንባ ግን ሸክሙን የሚጥልበት ስፍራ የለውም። እንግዲህ ብናኙ የማይታይ ስለ ሆነ የመጀመሪያው፥ ችግር ስላለ ሁለተኛው፥ ጠባሳው ስለማይነሣ ሦስተኛው ይጐድላል። ከሦስቱ ምሰሶዎች ሦስቱም የወደቁበት ቤት ቤት ሊባል አይችልም።

«በሬ ሆይ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለውን ተረት ሁላችን እናውቃለን። ብዙ ጊዜ የምንናገረው የወደቀውን ለመውቀስ ነው። ነገር ግን ሣሩን ከገደሉ ጫፍ ላይ ያበቀለው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ አይገኝም። ሣሩ በራሱ በቅሎ ከሆነ በሬው ይወቀስ። ሰው አውቆ ሣሩን በገደል አፋፍ ላይ ካኖረና በሬውን ከጠራው ግን ወቀሳው ወደ ሌላ ስፍራ ይሄዳል።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በ2012 የእስራኤል ሐኪሞች በፋብሪካ የተሠራውን ድንጋይ በደረቁ ሲቆርጡ የኖሩና ሳንባቸው ተበላሽቶ የሌላ ሰው ሳንባ ይተካላቸው እንደ ሆነ ለመመርመር የተላኩ 25 ሠራተኞችን ታሪክ አሳተሙ። በ2023 ከካሊፎርኒያ የወጣ ጥናት በዚሁ ሥራ የታመሙ 52 ወንዶችን መርምሮ፥ 51ዱ ከላቲን አሜሪካ የመጡ ስደተኞች፥ አብዛኞቹም በጉልምስና ዕድሜ ላይ ያሉ መሆናቸውን ገለጠ፤ 10ሩ ሞተዋል። ከግማሽ በሚበልጡት ሕመሙ በጊዜ አልታወቀም ነበር፤ አንዳንዶቹም የሳንባ ምች ወይም የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብለው ነበር። አውስትራሊያ በበኩሏ ነገሩን መርምራ፥ በሕግና በቍጥጥር ብቻ አልጠበቅሁትም ብላ፥ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ማለት ከሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ይህን ድንጋይ መሥራትን፥ መሸጥንና መግጠምን ከዓለም መጀመሪያ ሆና ከለከለች። በእነዚህ አገሮች ሁሉ አንድ ነገር ይመሳሰላል። ጠረጴዛው የሚገባው ወደ ባለጠጋው ቤት ነው፤ ብናኙ የሚገባው ከሩቅ አገር ሥራ ፍለጋ ወደ መጣው ሰው ሳንባ ነው። ከስማዳ ወደ አዲስ አበባ የሄደው ልጅና ከሜክሲኮ ወደ ሎስ አንጀለስ የሄደው ልጅ ቋንቋቸው ቢለያይም «ወዶ ነው» የምትለው ቃል ለሁለቱም ተዘጋጅታ ትጠብቃቸዋለች።

በዚህ ላይ የሚነሣ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ እርሱንም ሳንሸሽ እንመልከተው። «ሕግ ሲጠብቅ ወጪ ይበዛል፤ ወጪ ሲበዛ ትንሹ አሠሪ ይዘጋል፤ ትንሹ አሠሪ ሲዘጋ ያ ከጋይንት የመጣ ልጅ ሥራ አጥቶ ይራባል። ከ10 ዓመት በኋላ ከሚመጣ በሽታ ዛሬ የመጣ ረኃብ አይብስምን?» የሚል ነው። ይህን የሚናገር ሁሉ ክፉ ሰው አይደለም። ረኃብን የሚያውቅ አገር ይህን ተቃውሞ በቀላሉ ሊንቀው አይችልም። ልጁም በእናቱና በታናናሾቹ ፊት ግዴታ አለበት፤ የሚልከው ገንዘብ ማዳበሪያ ይገዛል፥ እኅቱን ትምህርት ቤት ያቆያል።

ይሁን እንጂ ተቃውሞው ሁለት ነገሮችን ይደባልቃል። አንደኛ፥ ከጥበቃው ውስጥ ትልቁ ክፍል ውድ አይደለም። ዲስኩ በሚቆርጥበት ስፍራ ላይ ውሃ ማፍሰስ፥ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ ይልቅ በውሃ ማጠብ፥ ልብስን በአየር ግፊት አለማራገፍ፥ ለሌሎቹ ሠራተኞች ከመቍረጫው ራቅ ያለ ስፍራ መስጠት፥ ይህ ሁሉ ከባለጠጋ አገር የሚመጣ ነገር አይደለም። ብናኙን ከሚነሣበት የሚስብ ማሽንና ትክክለኛ ጭምብል ገንዘብ ይጠይቃሉ፤ በፋብሪካ ለተሠራው ድንጋይ ደግሞ ውሃ ብቻውን አይበቃምና እነዚህ ሊቀሩ አይችሉም። ሁለተኛ፥ ወጪው ከሌለ ጉዳቱ ይቀራል ማለት አይደለም፤ የሚከፍለው ሰው ይለወጣል እንጂ። አሠሪው ያልከፈለውን የውሃ ዋጋ ሠራተኛው በሳንባው ይከፍላል፤ እርሱ ሲወድቅ እናቱ ላሟን ሸጣ ታሳክመዋለች፤ ያች ትምህርት ቤት የቆየችው እኅት ትምህርቷን ትታ ታስታምመዋለች። እንግዲህ «ርካሽ» የተባለው ጠረጴዛ ርካሽ አልነበረም፤ ከዋጋው አንዱ ክፍል እስቴ ውስጥ ባለ አንድ ጎጆ ተከፈለ እንጂ። ሥራው እውነተኛውን ዋጋ ሊሸከም ካልቻለ ጭማሪው ጠረጴዛውን ካዘዘው ሰው ይጠየቅ። እርሱ ሁለት ምርጫ አለው፤ መክፈል ወይም በእንጨት ጠረጴዛ ላይ መብላት። በእንጨት ጠረጴዛ ላይ በልቶ የሞተ ሰው የለም።

ሕጋችንም ይህን ፍርድ ይደግፋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኞቹን ጤንነትና ደኅንነት እንዲጠብቅ፥ መከላከያ መሣሪያ እንዲሰጥና አጠቃቀሙን እንዲያስተምር፥ በአደገኛ ሥራ ላይ ያሉትንም እንደ አስፈላጊነቱ በራሱ ወጪ እንዲያስመረምር ያዝዛል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 155 ደግሞ የደኅንነት ጥበቃ ወጪ በሠራተኛው ላይ ሊወድቅ እንደማይገባ ይናገራል። የሥራ ውል በቃልም ሊደረግ ይችላል፤ ስለዚህ «ወረቀት አልፈረምንም» ማለት ለአሠሪው ማምለጫ አይሆንም። ወጣቶች ይህን ሊያውቁ ይገባል፤ ያልታወቀ መብት ከሌለ መብት አይሻልምና።

በነገሩ ውስጥ አንድ ረቂቅ ቁም ነገር አለ። የዚህ ሙያ ሊቃውንት ጥበቃን በተራ አስቀምጠውታል፤ አስቀድሞ አደገኛውን ነገር በሌላ መለወጥ፥ ቀጥሎ ብናኙን በውሃና በማሽን ከምንጩ መያዝ፥ በመጨረሻ ጭምብል። ብዙ አሠሪ ግን ከመጨረሻው ይጀምራል፤ ያውም ለሕክምና የሚደረገውን ስስ ጭምብል አድሎ ግዴታዬን ፈጸምሁ ይላል። ይህ ስሕተት የጥበብ ብቻ ሳይሆን የግብረ ገብም ነው። ውሃና ማሽን ሸክሙን በሥራው ባለቤት ላይ ያኖሩታል፤ ጭምብል ግን ሸክሙን ወደ ሠራተኛው ፊት ያዛውረዋል። ሙቀቱ ሲያስጨንቀው ያወለቀው እንደ ሆነ፥ «ሰጥቼው ነበር፤ ወዶ አወለቀው» ለማለት ይመቻል። እነሆ ያች ቃል በሌላ በር ተመልሳ ገባች።

ይህን ሁሉ ስል ሠራተኛው ምንም ዕዳ የለበትም ማለቴ አይደለም። አዋጁ በአንቀጽ 93 ሠራተኛውም የተሰጠውን መከላከያ እንዲጠቀምና መመሪያ እንዲያከብር ያዝዛል። ውሃው ተዘጋጅቶለት «ያጨቀየኛል፥ ያዘገየኛል» ብሎ የሚዘጋ፥ ትክክለኛ ጭምብል ተሰጥቶት «ይህ የፈሪ ነው» ብሎ የሚጥል ወጣት አለ። በአገራችን ጀግንነት የተከበረ ነው፤ መከበሩም ይገባል። ነገር ግን ጀግና ማለት አንድ ታላቅ ነገር ለማዳን የሚያየውን አደጋ የሚጋፈጥ ነው። ብናኝ ፎክረህበት አይሸሽም፤ የጀግናንና የፈሪን ሳንባ አይለይም። ለጌጥ ጠረጴዛ ሲሉ ሳንባን መስጠት ጀግንነት ሳይሆን ብክነት ነው። እንደዚሁም «ወተት ያጥበዋል» የሚለውን ተስፋ ጣሉት። ወተት መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን የሚወርደው ወደ ሆድ ነው እንጂ ወደ ሳንባ አይደለም። አረቄም እንደዚሁ ነው። አፍን በነጠላ ወይም በሻርፕ መጠምጠምም ትልቁን አቧራ ይከለክል እንደ ሆነ እንጂ ገዳዩን ቅንጣት አያቆመውም።

የቀረነውም ሰዎች ከዕዳው ውጭ አይደለንም። ልጁ እያሳለውና እየከሳ ወደ አገሩ ሲመለስ ብዙ ጊዜ «ብርድ መታው» ወይም «ሳንባ ነቀርሳ ነው» ይባላል። የጤና ባለሙያው ያን የራማዚኒን ጥያቄ ቢጠይቅ፥ ዘመዱም «አዲስ አበባ ድንጋይ ይቆርጥ ነበር» ብሎ ቢናገር፥ ሕመሙ በስሙ ይጠራል። ስም ያልተሰጠው በሽታ ተጠያቂ የለውም፤ ተጠያቂ የሌለው በደልም ሌላ ልጅ ይጠራል። በካባ አጠገብ የሚያልፍ፥ ቤቱን የሚያሠራ፥ ሥራውን የሚቈጣጠር፥ ደላላ ሆኖ ልጁን የሚያገናኝ፥ ሁሉም ከብናኙ ጋር ጥቂት ዕዳ አለበት።

እንግዲህ የጥያቄያችን መልስ ምንድን ነው? «ወዶ ነው የገባበት» ማለት ከዕዳ አያነጻም። እንዲያውም እኔ የማምነው ተቃራኒውን ነው። አንድ ወጣት ማሽኑን ሳይመረምር፥ የድንጋዩን ስም ሳይጠይቅ፥ በሰው ቃል ብቻ ታምኖ ወደ ሥራ ቤት ሲገባ፥ በአሠሪው እጅ አደራ ያኖራል። ገንዘብ በአደራ የተቀበለ ሰው «ወዶ ነው የሰጠኝ» ብሎ ሊበላው አይችልም፤ ወዶ የተሰጠ መሆኑ ነውና አደራ ያሰኘው። ይህንን የበላ ሰው በአገራችን አደራ በላ ይባላል፤ ከዚህም የከፋ ስም የለንም። የገንዘብ አደራ ይህን ያህል የከበረ ከሆነ የእስትንፋስ አደራ እንዴት ይረክሳል?

ወጣቶች ሆይ፥ ከእናንተ ብዙዎቹ ወደ ከተማ ትወርዳላችሁ፤ ድንጋይም ትይዙ ይሆናል። ከመጀመራችሁ በፊት ሳታፍሩ አራት ነገር ጠይቁ። የምቆርጠው ድንጋይ ምን ዐይነት ነው? ውሃ አለውን? ብናኙ ወዴት ይሄዳል? ብታመም ማን ያሳክመኛል? ብቻችሁን ስትጠይቁ ትባረሩ ይሆናል፤ ስለዚህ አሥር ሆናችሁ ጠይቁ፤ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው ለዚህ ነው። ከእናንተም መካከል ነገ ፎርማን፥ ኮንትራክተር፥ ባለ ሱቅ የሚሆን አለ። እርሱ በዚያን ቀን ከገጠር የመጣ፥ ጫማው ገና የአገሩን አፈር ያላራገፈ ልጅ ፊቱ ቆሞ «ማንኛውንም ሥራ እሠራለሁ» ይለዋል። ያ ልጅ ወዶ እንደ መጣ እውነት ነው። አስቀድሞ ውሃውን ክፈትለት፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑን ስጠው።